የብዙነሽ ሥዕሎች

ልጄ ጥሩብርሃን፣ መድኃኔዓለም በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን።

ክርስትና እናትሽ ብዙነሽ አረፈች። ሥዕሏን እየሸጠች ያሳደገቻቸው ወላጅ አልባ ልጆች ሬሳዋን ሌላ ሰው አያነሳውም ብለው ራሳቸው ተሸከሙት።

ቀበሌ የልጆቹ ቤት ግድግዳ ላይ የመሪዎቹን ምስል ሣዪበት ቢላት እሷ ልጆቹን ሣለችበት። ለዚህ አሰሯት። ስትፈታ ሳል ይዟት ወጣች፤ አልለቀቃትም።

ትናንት የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቴ መጥቶ፣ “ሥዕሎቿ የት አሉ?” አለኝ።

“ሳትሞት ለሰው ሰጥታቸዋለች” አልኩት። አልጋዬ ሥር ናቸው። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር የአልጋ ልብሱን እስከ መሬት ሳልጎትት አልከፍትም።

ይህን የላክሁት በሰው እጅ ነው። በፖስታ ስትጽፊ ስሟን አታንሺ። ሹራብም ደርቢ።

ልጆቹ፣ “እማማ፣ አሁን ማን ያስተምረናል?” አሉኝ። እኔ ሥዕል አልችልም፤ ግን ቅዳሜ እኔ ቤት ኑ አልኳቸው። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ቀለም ላኪልን። እመብርሃን በጥላዋ ትከልልሽ።

እናትሽ ወለተጻድቅ