ውሃ ወደ ተራራው የተገፋበት እሁድ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኛ አለን። ባለቤቴ ትናንት ጠዋት በክራንች እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ፤ ላብ አጠመቀው እንጂ አልወደቀም። በንዴት ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሌ ቢጣመም ታገሠኝ።

ጋሼ፣ ያን እሁድ ለባለቤቴ ምሳ ይዤ መጥቼ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ከጎንህ ነበርኩ እኮ! ፋብሪካው ሁሉ ዝግ ነው፣ መብራት ተርፏል፣ በኋላ ሲወርድ መልሶ መብራት እንዲያመነጭ ውሃውን ከታችኛው ግድብ ወደ ተራራው አናት ግፉ እያለ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲወተውትህ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከሥር፣ ፓምፑ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያፈሰውን ቦታ ይፈትሽ ነበር። ግባ ያልከውም አንተ ነህ። በሬዲዮ "ገና ነኝ፣ ትንሽ ታገሡኝ" አለ። ወደ እኔ ዞረህ "ይሄ ሰውዬ መቼም ገና ነው" ብለህ ሳቅህ። ከዚያ የውሃውን መዝጊያ "ክፈቱ!" አልክ።

ጮኼ፣ ሮጬ ማቆሚያውን እስክመታው ውሃው ከብረቱ ጋር አላትሞታል።

ይህን እንኳ ተሳስተህ ነው ብዬ ልውጠው እችል ነበር። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኸው ነው። እኔ ሆስፒታል እግሩ እስኪቆረጥ በር ላይ ተኮራምቼ ሳለቅስ፣ አንተ ለአጣሪዎቹ "ሳያስፈቅድ ነው የገባው፣ ልማዱ ነው" አልካቸው። ሚዜው አልነበርክም? በአንተ ቃል ከሥራ ተባረረ! እሱ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ተይው፣ ወንድምሽ ነው።" በእሱም ተናደድኩ።

አንተ ደግሞ ብርቱካን ተሸክመህ መጥተህ "የቤት ጉዳይ በቤት ይለቅ፣ እማዬ ብትሰማ ትሞትብናለች" አልከኝ። የታመመች እናትህን ጋሻ ታደርጋለህ? አታፍርም?

ትናንት ከሰዓት አጣሪዎቹ ቤቴ መጡ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን እንደነበረ ሳይጠይቁ መቅረታቸው ከንክኗቸዋል። ባለቤቴ ተኝቶ ስለነበር የመኝታ ቤቱን በር ዘጋሁበት። ሻይ አቀረብኩላቸው። ሳይነኩት ቀዘቀዘ፤ ብዙ ጠየቁኝ፣ ብዙም ጻፉ።

ይህ ደብዳቤ ቀድሞ ከደረሰህ እማዬን ለጥቂት ጊዜ አክስታችን ቤት ውሰዳት። ካልሆነም መጥተው በር ሲያንኳኩ ራስህ ክፈት፤ እሷን አታስነሳት።

ፈጣሪ ጤናህን አይንሳህ፤ ለአንደበትህም እውነቱን ይስጠው።

ዛሬም ያው
ታናሽ እህትህ