የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ

ቦሌ ሚካኤል፣ ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራልና ካፖርትሽን አውልቀሽ ለሰው እንዳትሰጪ፤ አውቅሻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በማስኩ የተነሳ የወለቀው ጥርሴ ስለማይታይ በሰፈሩ መልከ መልካም ሆኛለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ ስልክ ስታወሪ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮሽ ስለሚያወራ ነው። ደብዳቤውን የሽንኩርት አይሱዙ የሚነዳ ወዳጄ ያደርስልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጅሽ ስለ ፍስሃ ሚስት የነገርኩሽን አልረሳሽውም። ኑሯቸውን ታውቂዋለሽ፤ ፍስሃ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለው መድኃኒት ቤት ሲሠራ ይውላል፣ በሽታ እንዳያመጣባቸው ብሎ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ያድራል፣ ልጆቹን የሚያያቸው በመስኮት ነው። ሠራተኛዋ በሽታውን ፈርታ አገሯ ገብታለች። ሳምራዊት ከሦስት ዓመቱ ልጅና ከስምንት ወሯ ሕፃን ጋር ብቻዋን ናት።

ታዲያ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያው ግቢ ወዳለችው ክፍሌ መጥታ "ጋሼ፣ ልጆቹን አንዴ ይያዙልኝ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ትለኛለች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። አንድ ቀን "ሳሙና ጠፋ"፣ ሌላ ቀን "ባለሱቁ ዘግቷል"። ባለሱቁን ብጠይቀው "ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን ዘግቼ አላውቅም" አለኝ።

ይህ ሳያንስ ሌላም አየሁ። የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ለቅሶ መቀመጥ ከተከለከለ ወዲህ ድንኳኑም ድስቱም አግዳሚውም እዚያ ተቆልፎበታል። ቁልፉ እሷ ስትወጣ ከምስማሩ ላይ ይጠፋል፣ ስትመለስ ይመለሳል። የዕቃ ቤቱ ዘበኛ ብርሃኑ ደግሞ ፀጉሩን ቅባት የሚያጠጣ ወንደላጤ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ጠረጠርኩና ለአንቺ ደወልኩ። አንቺ ለፍስሃ ደወልሽ። እሱም ትናንት በመስኮት "ቅዳሜ ወላጆችሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ ልጆቹ እዚሁ ይቀራሉ" አላት።

እሷ ቀና ብላ ሳታየው የልጆቹን ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። አለመከራከሯ ይበልጥ አጠራጠረኝ።

ዛሬ ልክ እንደወጣች ሕፃኗን አዝዬ፣ ትልቁን በእጄ እየጎተትኩ ለስለላ ተከተልኳት። እንዲህ ያለ ሰላይ አይተሽ አታውቂም! ልጁ "አያቴ፣ ሽንቴ መጣ" እያለ መንገዱን ሙሉ አጋለጠኝ። ብርሃኑ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። "ተያዝክ!" ልለው ስል ብድግ ብሎ "ጋሼ፣ ልጆቹን ለእኔ ይተዉልኝ። እንዲህ ሆና አይዩዋት" አለኝ።

ገባሁ። ሳምራዊት በለቅሶ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንሰቀሰቃለች።

"ማን ሞተ?" አልኳት ደንግጬ።

"ማንም አልሞተም" አለችኝ። "ቤት ሳለቅስ ልጁ አብሮኝ ያለቅሳል። መንገድ ላይ ባለቅስ ሰው ይጠይቀኛል። እዚህ አግዳሚ ላይ ግን ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃኗ ስትጮህ በሩን ከውጭ ቆልፋባት መጥፋት እንደሚያምራት ነገረችኝ። "ጋሼ፣ እኔ ክፉ እናት ነኝ?" አለችኝ።

የሁለት ሜትሩን ርቀት ረስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ሐኪም ዘንድ አብሬያት እሄዳለሁ፤ የብርሃኑን እህት ከወለደች በኋላ እንዲህ ሲያደርጋት ያከሟት ሐኪም ጉርድ ሾላ ይገኛሉ። ቁልፉንም ሰጥቻታለሁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቶሌሳ ከጠየቁኝ ጠፋብኝ እላለሁ።

ለፍስሃ ሁሉንም ነገርኩት። "ጋሼ፣ ቀልድዎን ይተዉት" አለኝ። ዕድሜ ልኩን ስቀልድበት ኖሬ ዛሬ እንዴት ይመነኝ? እናቱን ግን ያምናል።

እታለሜ፣ አሁን ደግሞ አንቺን ልጠርጥርሽ። ፍስሃ ገና ሳይድህ፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣ እሱን ታሳዝይኝና "ወንዝ ወርጄ ልብስ አጥቤ ልምጣ" ትይኝ ነበር። ስትመለሺ የልብሱ እስር እንኳ አልተፈታም፤ ዓይንሽ ግን አብጦ ነበር። እኔም ለእናታችን ትንፍሽ አላልኩም።

ከቅዳሜ በፊት ለልጅሽ ደውዪለት። የምትዪውን እኔ አልጽፍልሽም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ይህን ክፉ ቀን አሳልፎ ማስክ ሳንለብስ ለመሳሳም ያብቃን።

ልጅሽን ያዘልኩልሽ ወንድምሽ