የቀረ ተስማምቷል

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ፣ ፀጉሩን እዚህ ጥሎ ለሄደው መላጣ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ያ የማይለቅ ሳልህ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህስ ስታኮርፍ አስቀድማ ታስጠነቅቅሃለች ወይስ እንደ ድሮው ድንገት ነው? ያቺ በስልክ «አያቴ፣ ጥርስ አለህ?» እያለች የምትመረምረኝ የልጅ ልጅህስ አደገች? አለው በላት። ሁለቱ አብረውኝ የተወለዱ ናቸው፤ የቀሩትን ግን በገንዘቤ ስለገዛኋቸው ይበልጥ የእኔ ናቸው።

የእኔን ጤና ጠይቀሃል። ልጄ ዘንድ ደውለህ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ፣ እያለቀለት ነው አይደል?» ብለህ ስቅስቅ ብለህ አልቅሰሃል አሉ። አንተ ስታለቅስ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እንቁላል እየላጥኩ ነበር። ለማን ነው ያለቀስከው? እንባህን አስቀምጠው፤ ቀኑ ሲደርስ ደረቅ ዓይን ይዘህ እንዳትመጣብኝ።

በስልክ ልነግርህ ያልፈለግሁት አውቄ ነው። በስልክ አንተ ታቋርጠኛለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ልጄ «አባዬ፣ ደም ግፊትህ» ትላለች፣ ነገሩም ሜዳ ላይ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ዝም ትላለህ። እናታችን እንኳ ያልቻለችው ነው።

እንደማልነሳ የነገረህ ሰዓት ሠሪው መሆኑን አውቄያለሁ። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። ሦስታችን በአንድ አግዳሚ ወንበር ተጨናንቀን ፊደል የቆጠርን፣ አንተ የሄድክ ዕለት ሻንጣህን ተሸክሞ የሸኘህ ሰው ስለሆነ፣ ከእኔ አፍ ባትሰማው እንኳ ከእኔ እጅ ልታነበው ይገባሃል።

ፑል ቤታችን ባለቤቱ ከተለወጠ ወዲህ ለእኛ የሚሆን ቦታ እንዳልሆነ ነግሬህ ነበር። ሙዚቃው ግድግዳ ያናጋል፤ ወጣቶቹ በየምቱ ይወራረዳሉ። አንዱ ጎረምሳ «አባባ፣ መቀመጥ ከፈለጉ ሆስፒታል ብዙ ወንበር አለ» አለኝ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር ሳቅሁለት። ወጥተን በር ላይ ስንቆም ግን «የራሳችንን ክበብ እናቁም፤ አባል ያልሆነ የማይገባበት፣ አባል የሆነ የማይባረርበት» አልኩ። አራት ነበርን፤ እኔ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ዳቦ ጋጋሪውና ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር። እንደየአቅማችን አዋጥተን አንድ አሮጌ የፑል ጠረጴዛ ገዛን። ከጨርቁ ሥር ሆዱ ድንጋይ ነው፤ እግሮቹ ከአራታችን እግሮች ሁሉ የጸኑ ናቸው።

ክፍሉን ለብቻችን መከራየት አቅም አልነበረንም። ስለዚህ ምድር ቤት ካለችው ልብስ ሰፊ ጋር ተጋራን። የምድር ቤቱን ክፍል የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ደረጃ ያለበት ቦታ ከሆነ እኔን አትቁጠሩኝ» ብዬ ነበር። ሰዓት ሠሪው ደረቱን መትቶ «አንተ የሌለህበት ክበብ ደግሞ ምን ክበብ ነው?» አለ። ይህን ቃሉን ያዝልኝ።

ጠዋት ጠዋት ክፍሉ የሴትየዋ ነው። በጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ሳንቃ ትደረድርና ጨርቋን ትቆርጥበታለች። ከሰዓት በኋላ ሳንቃውን አንስተን ብናኙን ጠርገን እንጫወታለን። ከቀዳዳዎቹ ከኳስ ይልቅ መርፌ የምናወጣበት ቀን ይበዛል። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው የእሷን የልብስ ጠመኔ በስህተት በመምቻው ዘንግ፣ በስቴካው ጫፍ ላይ ለቀለቀና መታ፤ ስቴካው አዳለጠው፣ ኳሱ ዘሎ የመለኪያ መስተዋቷን ሁለት አደረገው። ሴትየዋ «ምንም አይደል፣ ደንበኞቼ ከእንግዲህ ግማሽ ውፍረታቸውን ብቻ ነው የሚያዩት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባል ባትሆንም የእኛ ሰው አደረግኋት።

ሊቀመንበሩ እኔ ስለሆንኩ ሁለት ደንብ አወጣሁ። የመጀመሪያው፣ ነጩ ኳስ ማታ ማታ ከሊቀመንበሩ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ዳቦ ጋጋሪው ከወፍ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ስለሆነ ብቻውን መጥቶ ሲለማመድ ይዘነዋል። ነጩ ከሌለ ሌሎቹን ማን ይመታቸዋል? ሁለተኛው ደንብ ለሾፌሩ ተብሎ የወጣ ነው። እሱ ስብሰባ ይቀራል፣ በማግስቱ መጥቶ ይነጫነጫል። ስለዚህ «የቀረ ተስማምቷል» የሚል ደንብ አጸደቅን። በቀረበት ቀን መጋረጃውን እሱ እንዲያጥብ ወሰንን፤ ተስማምቷልና አጠበ። ገመድ ላይ ሲያሰጣ ቆመን አየነው፤ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለውን ግን ረስቼው ነበር።

ዝናቡ የጀመረ ሰሞን ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ እርጥቡ ወለል አንሸራተተኝና ዳሌዬ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ እንዳልንቀሳቀስ አዘዘ፤ ልጄ ደግሞ ትእዛዙን ወደ ምላሴም ልታሻግረው ሞከረች፣ አልሆነላትም። የዝናቡን ወራት አብዛኛውን አልጋ ላይ አሳለፍኩት።

ሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር። እጁን ታውቀዋለህ። ልጣጩን ሳይበጥስ እንደ ሪባን እያዞረ ያወርደዋል፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ከዚያ በአፌ ያደርግልኛል። አንድ ቀን እንዲያው ነገር ለማንሳት ያህል «ነጩ ኳስ ደህና ነው?» አለኝ። «ከበሩ ጀርባ፣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው» አልኩት። ካፖርቱን ትክ ብሎ አየው። ጨዋታው ናፍቆት ነው ብዬ ሆዴ ባባ። «አይዞህ፣ እነሳለሁ። እኔ ሳልኖርማ ምኑን ትጫወቱታላችሁ» ብዬ እኔው አጽናናሁት፤ እኔ በሽተኛው! ራሱን ነቀነቀና ሌላ ብርቱካን አነሳ።

የዛሬ ሳምንት መውጣት ተፈቀደልኝ። ጢሜን ተላጨሁ፣ የልጅ ልጄ ካፖርቴን ቦረሸችልኝ፣ ነጩን ኳስ ወልውዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ሙሽራ ነው የምመስለው። መንገድ ላይ ተንኮሌን አሰላሁ። ድምፄን አጥፍቼ ገብቼ፣ ኳሱን ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ አንከባልዬ፣ «ማን ሞተና ነው ጸጥታው?» ልል ነበር።

በሩን ስከፍት ጠረጴዛ የለም። ወለሉ ላይ የእግሮቹ አሻራ ብቻ አራት ቦታ ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተንበርክካ ጨርቅ ትቆርጣለች፤ ሳንቃዎቿ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ስታየኝ በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አወጣች፤ ቃል እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። «አባባ፣ አልነገሩዎትም እንዴ?» አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወዲያው ከጣሪያው በላይ ኳስ ከኳስ ሲጋጭ ሰማሁ።

ከላያችን፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተለቅቆ ኖሯል። ብርሃን ያለው፣ ብናኝ የሌለው፣ የራሱ ቁልፍ ያለው፣ ከማንም የማይጋሩት። የዳቦ ጋጋሪው ሠራተኞች ጠረጴዛውን ፈታትተው ተሸከሙት። ለሴትየዋ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ክፍሉ ሁሉ ላንቺ ሆነ» ብለዋት ሄዱ። እሷም ይኸው በጉልበቷ ትቆርጣለች።

ደረጃው ሥር ቆሜ ተጣራሁ። ሦስት ራስ በመደገፊያው ላይ ብቅ አለ። ሰዓት ሠሪው «እንኳን ለዚህ አበቃህ! ና፣ ውጣ እንጂ!» አለና ወዲያው ዓይኑን ከምርኩዜ ላይ ሰበረ። ዳቦ ጋጋሪው በጀርባው ሊያወጣኝ ወረደ። «አንተ ዘንድ ዱቄት ሆኖ ገብቶ ዱቄት ሆኖ የወጣ አላየሁም፤ ተወኝ» አልኩት። ሾፌሩ ደግሞ ሳቁን መያዝ አቅቶት «ሊቀመንበር፣ እኔ ምን ላድርግህ? የቀረ ተስማምቷል!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረና ፊቴን አዙሬ ገባሁ።

ሴትየዋ የቀረውን የነገረችኝ ለምኛት፣ ተቆጥቻት፣ በመጨረሻም አስቂያት ነው። ጠረጴዛውን ለማዛወር የወሰኑበት ስብሰባ የተደረገው እዚያው ክፍል፣ እሷ ስፌት መኪናዋ ላይ የልብስ ቁልፍ ስትተክል ነው። አትሰማም ብለው ነው መሰል። ያ መጋረጃ ያሳጠብነው ሾፌር፣ የሚገባውን ልስጠው፣ «ሊቀመንበሩስ? ደረጃ እኮ አይችልም» ብሏል። ሰዓት ሠሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱማ ከእንግዲህ አይነሳም። ለማይመጣ ሰው ብለን እዚህ ጨለማ ውስጥ እንቀመጥ?» ብሎ እጁን ቀድሞ አወጣ። ስለ ነጩ ኳስ የጠየቀኝ በማግስቱ ነበር። ያን ቀን ያጎረሰኝ ብርቱካን በጣም ጣፋጭ ነበር፤ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ወንድሜ፣ ስለ ጠረጴዛው አይደለም። ጠረጴዛ እንጨትና ድንጋይ ነው። ሰው ጠላቱ ሞቱን ቢመኝለት ወግ ነው፤ ምን ይገርማል? በእጁ እያጎረሰኝ በአፉ የቀበረኝን ግን ምን ልበለው? ላንተ ለምን እንደደወለም አሰብኩበት። ከተነሳሁ እሱ ጥፋተኛ ነው፤ ካልተነሳሁ ግን ያደረገው ልክ ነው። ስለዚህ ገና እንቁላሌን ሳልጨርስ አንተን አስለቀሰህ፤ ልቅሶህን ለራሱ ምስክር አደረገው።

ከሁለት ቀን በኋላ ቤት መጣ፣ ብርቱካኑን እንደያዘ። ከፑል ቤቱ የተዋሱት ነጭ ኳስ ትንሽ ሆኖባቸው እየዘለለ መሬት ይወርዳል አሉ። ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ ስለ ዳሌዬ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ወደ ካፖርቱ አየ። «ስብሰባው ላይ ያልከውን እዚህ ዓይኔን እያየህ ድገመውና ውሰደው» አልኩት። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ነቀነቀው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው፣ የቆመ መስሎት እንደሆነ እንጃ። ተነስቶ ሄደ። ብርቱካኖቹን አልነካሁም። ልጄ ጨመቀቻቸው፤ ጭማቂውን ግን ጠጣሁ፣ ቂም ቫይታሚን የለውም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ሞኝ ነኝ። ነጩን ኳስ ይህን ደብዳቤ በምታደርስልህ በልብስ ሰፊዋ እህት እጅ ልኬልሃለሁ። በካልሲ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ካልሲው ታጥቧል፣ ፊትህን አታጨማድድ። ለልጅ ልጅህ መጫወቻ እንዳትሰጣት፣ የመስኮት ዕዳ ታመጣብሃለች። አንተ የተውክልኝ ስቴካ ግን እላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሴትየዋ «ላውርድልዎ?» ብላኝ ነበር። ተይው አልኳት፤ የሰቀለው እጅ ያውርደው።

አሁን ከሰዓት በኋላ የምውለው እዚሁ ምድር ቤት ነው። ሳንቃዎቿን በሁለት አሮጌ አግዳሚ ላይ አስተካክለንላታል፣ ከእንግዲህ አትንበረከክም። ጨርቅ ስትቆርጥ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ። «አባባ፣ ሳይቀልዱ ይያዙ፣ ይጣመምብኛል» ትለኛለች። እሷና እኔ አዲስ ክበብ ሆነናል፤ ያለን ደንብም አንድ ብቻ ነው፤ የቀረ ሰው ወንበሩ አይነሳም። የሰዓት ሠሪውን ወንበር ከበሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ለፍቅር እንዳይመስልህ። ወደ ደረጃው ሲያልፍ እንዲያየው ነው።

እኔን መጠየቅ አፍሮ አንተ ዘንድ ይደውላል፣ አውቀዋለሁ። እንዴት ነው ካለህ አትሳደብ፣ ነገር አታብዛ። «ተነስቷል» ብቻ በለው። ከዚያ ምን እንደሚል አድምጥ። በአፉ ያለውን ሳይሸፋፍን ከነገረህ ኳሱን መልስልኝ። እስከዚያው አንተ ዘንድ ይቀመጥ።

ባለቤትህን ትከሻዋን ሳም፣ ባኮረፈችበት ቀን ከሆነ ግን ከሩቅ ሰላም በልልኝ። ትልቁን ልጅህን ጎበዝ በለው፤ ምራትህን አደራ በመድኃኒትህ ሰዓት እንድትቆጣህ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን፣ አንዱን በራሴ ጥርስ ስም፣ ሌላውን በገዛሁት ጥርስ ስም ሳምልኝ። ልጄ እጅ ትነሳሃለች፤ የልጅ ልጄ ደግሞ «አያቴ እየቀጠፈ እንዳይመስልህ፣ እውነት ነው» በልልኝ ብላለች።

ይህን ስጽፍ ከላይ ኳስ ዘሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። አጎንብሶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሁለቴ አመቻችቶ ከሚመታ ሰው ነው፤ ዝምታው ያስታውቃል። ሰዓት ሠሪው ነው። ሳተ።

የማይቀረው ወንድምህ

ከምድር ቤት፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ
ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ