ሰምቶ የቀረው ዕድርተኛ ለክቡር ሰብሳቢው

ለክቡር አቶ ረታ፣
የሰሚት ኮንዶሚኒየም የብሎኮቻችን መረዳጃ ዕድር ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ስኳርዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስት ብሎክ አሻግሮ የሚሰማው ጉሮሮዎ ደህና ነውን? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በዕድራችን ደንብ ውስጥ እርስዎ ገና ያላሻሻሏቸው አንቀጾች ስላሉ በቶሎ እንዲለዩን አንሻም። እኔ፣ ቀድሞ የሚኒባስ ሹፌር የነበርኩት፣ ዛሬ ደግሞ አትላስ አካባቢ ላሉ ሆቴሎች እንቁላል የማቀርበው ዓብዱ ይማም፣ ደህና ነኝ። ግራ ጆሮዬ እንደ ወትሮው ምንም አይሰማም፤ ቀኙ ባትሪ እስካለው ድረስ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያስለጠፉትን ውሳኔ አንብቤዋለሁ። ማንበብ ያለ ባትሪ የምሠራው ሥራ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ነው የገባኝ። ውሳኔው፣ የጎረቤቴን የአቶ ላጲሶን ሞት «በሚገባ ሰምቼ» ከቀብሩ መቅረቴን፣ ይባስ ብሎም መርዶውን ለነገረኝ ሰው ፈገግ ብዬ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ መመለሴን ይዘረዝርና፣ ቅጣት ከማስጠንቀቂያ ጋር ይጥልብኛል። ቅጣቱን ያለ ክርክር ለገንዘብ ያዣችን ከፍያለሁ። «በሚገባ ሰምቶ» ስለሚለው ግን በታላቅ ትሕትና ጥቂት ነጥቦችን እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ እሰማለሁ ብለው ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ። ከቀዶ ሐኪሜ ቀጥሎ በዚህ መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ጽኑ እምነት ያሳየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሐኪሙም ቢሆን «ቀስ በቀስ» የምትል ቃል ጨምሮበት ነበር።

በእርግጥ የነገሩ መነሻ የራሴ ምላስ መሆኑን አልክድም። እንደሚያውቁት፣ ማጅራት ገትር ሁለቱንም ጆሮዬን ከወሰደብኝ ወዲህ መሪ መጨበጤ ቀርቶ፣ ድምፁ እንደጠፋ ቴሌቪዥን ሰውን ሁሉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እያየሁ ዓመታት ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ዕድራችን «መስማት የተሳነው አባል ጥሩምባ ባለመስማቱ አይቀጣም» የሚል አንቀጽ ለእኔ ብሎ ደንቡ ውስጥ አስገባልኝ፤ ውለታችሁን አልረሳም። ኋላ ግን በቀዶ ሕክምና ኮክሌር ኢምፕላንት የሚሉት መሣሪያ ተደረገልኝ። አንዱ ክፍሉ ከራስ ቆዳዬ ሥር ተቀብሮ ይኖራል፤ ሌላው ከጆሮዬ ጀርባ ተንጠልጥሎ በማግኔት ራሴ ላይ ይለጠፋል። እኔም ይህን ይዤ በጠቅላላ ጉባኤው መሐል ተነሣሁና ኮፍያዬን አውልቄ፣ የወርቅ ጥርስ እንዳስተከለ ሰው ወዲያና ወዲህ እየዞርኩ አሳየሁ። ይህም አልበቃኝ ብሎ «ከእንግዲህ ከእናንተ እኩል ስለምሰማ ያ አንቀጽ ይሰረዝልኝ» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በዚህ ዕድር ጠይቄ ወዲያው የተፈጸመልኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

እርስዎም ነገርን በዋዛ የሚያሳልፉ ሰው አይደሉምና፣ ለማረጋገጥ ከኋላዬ ቆመው ስሜን በቀስታ ጠሩ፤ እኔም ዞር አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ አንቀጹም ተሰረዘ። ዛሬ እውነቱን ልንገርዎት፤ የዞርኩት ሰምቼ አልነበረም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን ከትከሻዬ በላይ ሲተክሉ፣ ከኋላዬ አንድ የተከበረ ሰው መቆሙን ገምቼ ነው። የማይሰማ ሰው ኑሮው በግምት ነው። ጭብጨባው ግን ተሰምቶኛል፤ ትኩስ ዘይት ውስጥ የገባ ሽንኩርት ይመስል ነበር።

ሁለተኛ፣ ይህን ነገር ራሴ ላይ የሚያይ ሰው ሁሉ በሱቁም በታክሲውም «ረክተህበታል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እርስዎ ሳይጠይቁኝ ስለወሰኑ፣ እኔም ሳይጠይቁኝ ልመልስልዎ።

ረክቼበታለሁ። መጀመሪያ የተከፈተልኝ ቀን ባለቤቴ ሚስኪ «ሰማኸኝ?» ስትለኝ የሰማሁት በካርቶን ውስጥ የተዘጋባት ጫጩት ድምፅ ነበር፤ ይህንንም እንደ ሞኝ ነገርኳትና ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በየጊዜው እየተመላለስኩ ሲያስተካክሉልኝ፣ እኔም እየለመድኩት ስሄድ፣ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆና ከእኅቷ ጋር በስልክ ስትሳሳቅ የገዛ ሳቋን፣ ያንን ያገባሁትን ሳቅ፣ ሰማሁት። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያው ሰሞን ግን ሾርባ ስጠጣ የማሰማውን ድምፅም ሰማሁ፤ ሚስኪ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደታገሠችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያጣሁትም አለ። የማልሰማ በነበርኩበት ጊዜ በሽማግሌነት እጠራ ነበር። የተጣሉ ባልና ሚስት መሐል ተቀምጬ፣ ማንንም ሳላቋርጥ ራሴን እየነቀነቅኩ ሁለቱም እስኪደክማቸው እጠብቅ ነበርና «እንደ ዓብዱ ያለ አስተዋይ የለም» ይባል ነበር። መስማት እንደጀመርኩ በመጀመሪያ የመጡትን ባልና ሚስት በጥሞና አዳምጬ አስተያየቴን ሰጠኋቸው። እነሱ ተፋቱ፤ እኔንም ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም።

ማግኔቱ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ብረት ይወዳል። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ላይ እንቁላል ልጭን ጎንበስ ስል በበሩ ብረት ላይ ተለጠፈና፣ መኪናው ጆሮዬን ይዞብኝ ሄደ። ረዳቱ መስኮት ላይ ወጥቶ እየጠራኝ ነበር ይላሉ፤ በምን ልስማው? ጆሮዬ ያለ እኔ መገናኛ ደርሶ በማግስቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስጭን አውልቄ የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ይህችን ነገር ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

እንዲሁም በድንኳን ውስጥ አሥር ሰው አንድ ላይ ሲያወራ አንዱንም አልለይም። በአንድ ጆሮ ብቻ ስለምሰማ ስሜ ሲጠራ ከየት እንደተጠራሁ አላውቅም፤ እንደ ጠፋ በግ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ስታጠብና ስተኛ አወልቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ በጆሮዬ ሥር ጥሩምባ ቢነፋ ለእኔ ነፊው ጉንጩ ያበጠ ሰው ነው። ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስልኝም ከድሮ ጀምሮ አንድ መልስ አለኝ፤ ፈገግ እልና «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። በዚህች አገር ከአሥር ሰው ዘጠኙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጤናህን ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ አልተሳሳትኩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ላጲሶ።

እርስዎ በውሳኔዎ ላይ «ጎረቤቱ» ብለው ጽፈዋል፤ አልተሳሳቱም፣ ግን አንሷል። ላጲሶ በፎቃችን ላይ በሩ ከበሬ ፊት ለፊት ነበር። እሱ እሑድ ወደ ቸርቹ፣ እኔ ዓርብ ወደ መስጊዴ እንሄድ ነበር እንጂ፣ የቀረውን ቀን ሁሉ አብረን ነበርን። ጆሮዬ የጠፋ ሰሞን ሌላው ሰው በእኔ ላይ መጮህ ሲጀምር፣ እሱ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያሳየኝ መናገር ጀመረ። የዕድሩ ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ ደግሞ ጋቢውን ደርቦ ይወጣና ደረጃው ላይ ያለውን የቤቴን ቆጣሪ ያጠፋና ያበራ ነበር። እኔ አምፖል አብርቼ ስለምተኛ፣ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ሲል ሰው መሞቱን አውቄ እነሣለሁ። በቀብር ላይ አንድም ቀን ያልቀረሁት በዚህ ነበር። መሣሪያው ከገባልኝ በኋላ ለእሱም ጉራዬን ነዝቼበት ነበር። ሳቀና «ስትተኛ ታወልቀው የለ እንዴ?» አለኝ፤ ቆጣሪውንም ማጥፋቱን አልተወም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

በሞተበት ዕለት ሚስኪ ለእኅቷ ሠርግ ወደ ከሚሴ ሄዳ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ላጲሶ ማታውን በድንገት ልቡን አሞት ሆስፒታል ተወስዶ እዚያው አርፎ ኖሯል። ጥሩምባው በማለዳ ሲነፋ ጆሮዬ ራስጌዬ ላይ ቻርጅ ላይ ነበር። ቆጣሪዬን የሚያጠፋልኝ ሰው ደግሞ ያን ቀን ጥሩምባ የተነፋለት እሱ ራሱ ነበር።

እኔም ተነሥቼ እንደ ልማዴ እንቁላሌን ይዤ ወረድኩ። ሁለቱም እጆቼ ትሪ ተሸክመው፣ ጆሮዬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ በር ላይ ስጭን እርስዎ መጥተው አንድ ነገር ነገሩኝ። ፊትዎ ከበድ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፊትዎ ሁልጊዜም ከበድ ያለ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። ፈገግ አልኩ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ሄድኩ። አትላስ ስደርስ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ከአንድ የሆቴል ሼፍ ጋር ስለ እንቁላል መጠን እየተሟገትኩ ዋልኩ። እኔ ስሟገት እናንተ ላጲሶን ትቀብሩ ነበር። ወደ ማምሻው ስመለስ ድንኳን አየሁና የማን ለቅሶ እንደሆነ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ያን ዕለት ጥያቄዬን ያልሰማ የለም።

አራተኛ፣ የወር መዋጮ ሲዘገይ የዕድራችን ጸሐፊ በስልኬ ላይ የሚልክልኝ አጭር የጽሑፍ መልእክት እጅግ ጨዋና ፈጣን መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም። መዋጮ በጽሑፍ፣ ሞት በጥሩምባ እንዲነገር የወሰነው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ጥልቅ የአስተዳደር ጥበብ እንዳለበት አልጠራጠርም። ለእኔ ቢጤው ሞትም በጽሑፍ ቢደርሰን የዕድሩ ክብር የሚጎድል ካልሆነ፣ አሳቡን በትሕትና አቀርባለሁ።

የመጨረሻው ከሁሉም የከበደኝ ነው። የላጲሶ ባለቤት ወይዘሮ ገንዘቤ፣ የባላቸውን ሞት ሲነግሩኝ ስቄ አመስግኜ እንደሄድኩ ከኮሚቴው ሰምተዋል። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ሳይከፍቱልኝ ከውስጥ ሆነው የተናገሩትን አልለየሁትም፤ የተዘጋ በር ለእኔ መሣሪያ ግንብ ነው። ለቅሷቸውን ግን በሚገባ ሰማሁ። መሣሪያው ያን ቀን የሚወቀስበት ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ምነው ባልገባልኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። እንዳዘኑብኝ ከሄዱ፣ የላጲሶን ቤተሰብ ዳግመኛ አላገኛቸውም ማለት ነው። ይህ ያስፈራኛል፤ ማስጠንቀቂያው አያስፈራኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ፎቃችን ወጣ ብለው «ዓብዱ አልሰማም ነበር» ይበሉልኝ። ከእኔ ይልቅ የኮሚቴ ቃል ይታመናል። ይህንኑ በቃል ስጠይቅዎ «ኮሚቴ የወሰነውን ግለሰብ አይሽረውም» ብለው መልሰውልኛል። ፊት ለፊት ቆመው፣ ጫጫታ በሌለበት፣ ቃል በቃል ስለተናገሩ አንዲትም ፊደል ሳታመልጠኝ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ሰው ማግኘት ለእኛ ብርቅ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ።

ለደንብ ባለዎት ፍቅር እየተደነቅሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በኮሚቴው ውሳኔ ሙሉ ሰሚ፣
በባትሪው ውሳኔ አልፎ አልፎ ሰሚ የሆንኩት፣
ታዛዥዎ ዓብዱ ይማም
የእንቁላል ነጋዴና የተቀጣ ዕድርተኛ፣ ሰሚት

ማስታወሻ፦ አቶ ረታ፣ መልስ ለመጻፍ አይድከሙ። ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወይዘሮ ገንዘቤ በሚወጡበትና በሚወርዱበት ደረጃ ላይ ነው። የእርስዎን ስም ከላይ ያደረግኩት ማንም ደፍሮ እንዳይቀደው ብዬ ነው። ገንዘቤ እኅቴ፣ አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ እንቁላሉን እዚያው በር ላይ ጥዬ፣ ከሁሉ ቀድሜ አንቺ ዘንድ ነበር የምሮጠው።