መግቢያቸውን ስለዘጋው የጥበቃ ሰሌዳ

ይድረስ ለብርቅዬ እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ካሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወንበርዎም የማይናወጥ ይሁን። እኔ የቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ ነኝ፤ ብሉንና ትንኙን ከአየር ላይ እየለቀሙ መጻሕፍቱን የሚጠብቁልኝ ደግሞ በጣሪያው ሥር የሚኖሩት፣ ባለሙያዎችዎ በሌላ ስፍራ አላገኘናቸውም ያሏቸው ትንንሽ የሌሊት ወፎች ናቸው። የነቀልኩትን የጥበቃ ሰሌዳ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቦታው እንድመልስ ያዘዙበት ደብዳቤ ስለደረሰኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተገደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ መዘግየትዎ አመሰግናለሁ። ለስምንት ሰዓት የተጠራው የሰሌዳው መስቀልና ምርቃት እርስዎ እስኪመጡ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ እናት የሌሊት ወፎቹም ልጆቻቸውን በጣሪያው ውስጥ ትተው ለአደን ወጡ። ቀደም ብለው ደርሰው ቢሆን ኖሮ እናትና ልጅ አብረው በተዘጋባቸው ነበር፤ እርስዎ ግን የሚለያዩበትን ደቂቃ ጠብቀው መጡልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሌዳው ስፋት። «በሕግ የተጠበቀ፤ መንካት ክልክል ነው» የሚለው ቃል ከክቡር ስምዎ ጋር እንዲያምር ሁለት ክንድ ሆኖ ተሠርቷል፤ መግቢያቸው ግን ከበሩ በላይ ያለች አንዲት ስንጥቅ ነበረች። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ፌዜ ወደ ራሴ ይመለሳል። አናጢው የት ልስቀለው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከበሩ በላይ ብዬ በከዘራዬ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሲወጡባትና ሲገቡባት ያየኋትን ስንጥቅ ዘነጋኋት አልልም፤ ከሰሌዳው ግርጌ ቡራኬ ሰጪ ተብሎ ስሜ ተጽፎ ነበርና መንገደኛው ሁሉ እንዲያነበው ወደድሁ፤ እነርሱማ ሌላ ቀዳዳ አያጡም አልኩ። ከዚያም እጄን ዘርግቼ፣ ፈጣሪ መውጣታቸውንና መግባታቸውን ይጠብቅ ብዬ መረቅሁ። እናንተም አሜን አላችሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕግ አክባሪነታችሁ። በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አባቴ፣ ከመረቁት ሰሌዳ ኋላ ልጆች እየጮኹ ነው፣ ምርቃትዎን ቶሎ ይመልሱት እንጂ አለችኝ። ወደ ቢሮዎ ገሰገስኩ፤ የንብረት ክፍሉም ሰሌዳው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ለማንሳት የኮሚቴ ውሳኔ ያሻል አለኝ። ኮሚቴው ስብሰባ ላይ፣ ጸሐፊው ዕረፍት ላይ ነበሩ። እኔም ታዛዥ ሆኜ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። መፍቻው በመሳቢያዬ ውስጥ ነበረ፤ ብሎኖቹም አራት ብቻ ነበሩ። ጸሎቴን አላስታጎልኩም፤ ጩኸቱ እንዳይሰማኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ እንጂ። በሦስተኛው ቀን ጸጥ ሲል ነው የፈታሁት። ከአሥራ ዘጠኙ ልጆች ሁለቱ ብቻ ይተነፍሱ ነበር። በዚያው ምሽት እናቶቹ ሁሉ ተሻምተው ገቡ፤ ልጃቸውን ያገኙት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሰሌዳውን አልመልስም። ከፈለጉ ከአጥሩ ላይ ይሰቀል፤ በዚያች ስንጥቅ ላይ ግን እኔ ቆሜ አይሆንም። ለዚህ እምቢታ ቅጣት የሚገባኝ ከሆነም፣ አስቀድማችሁ ለታዘዝኩባቸው ሁለት ቀናት እንድትቀጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቡራኬው የሚያፍረው፣ ዕድሜ እንጂ ማስተዋል ያልጨመረው፣
የመጻሕፍት ቤቱ ሽማግሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሌዳው በክፍሌ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። የራሴን ስም በቢላዋ ፍቄዋለሁ። የእርስዎ እንዳለ ነው፤ መንካት ክልክል ነውና።