ሥዕልህን እማማ አዩት

ለአባዬ፣ ለቃሊቲው ሠዓሊ፤

ከሄድክ ዓመት ሞላህ። እዚያ ማዶ ቀለም ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እዚህ ግን ብሩሾችህ አሁንም ጋዝ ጋዝ ይሸታሉ። የጻፍካቸው የሱቅ ታፔላዎች እንደተሰቀሉ ናቸው። እማዬ ቀለም የነካውን ሱሪህን አላጥብም ብላ ደብቃዋለች። እኔም ቁመቴ ጨምሯል፣ ምላሴም አብሮ።

ትልቁን ዜና ልንገርህ፤ እናትህ ሥዕልህን አዩት!

አዎ፣ እማማ! ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የሣልከውን፣ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅልበት በፊት የነበረውን የኮዬ ፈጬ ቤታችሁን። ትዝ ይልሃል? እየሣልክ "እዚህ ጋ በሬው፣ እዚህ ጋ ቤቱ" ስትላቸው፣ እሳቸው "ነገርከኝ እንጂ መች አየሁት" ይሉህ ነበር። አንድ መላ አመጣለሁ እያልክ ሄድክ። መላውን እኔ ላይ ጣልከው ማለት ነው፤ ቸር አባት!

ሥዕልህን መስመር በመስመር ኮምፔንሳቶ ላይ ገለበጥኩት። ዙሪያውን በገመድ፣ ጣሪያውን በሳር፣ በሬውን ከጫማ ሰፊው በለመንኩት ቁራጭ ቆዳ፣ ማሳውን በእውነተኛ ጤፍ ሠራሁት። ኮላው እንዲደርቅ ጓሮ ባስቀምጠው የጎረቤት ዶሮዎች አዝመራውን ሰብስበው ጨረሱት። በሁለተኛው ዙር አሸዋ ዘራሁበት።

ለሙት ዓመትህ የዕድሩ ድንኳን ሲተከል ሥዕልህንና እማማ የሚዳብሱትን ግልባጭ ይዤ ገባሁ። ሊቀመንበሩን ጋሽ ወርቁን ታውቃቸው የለ? ያለ እሳቸው ፈቃድ ወንበር እንኳ አይዘረጋም። "በዕድር ድንኳን ሥዕል ተዳብሶ አያውቅም! ደግሞ ሥዕል በእጅ ይታያል እንዴ?" አሉ።

"እስቲ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት፣ ጋሼ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው እምቢ ማለት አፈሩ። በሬውን ከቀንድ እስከ ጭራ ዳብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሚኒባስ ነው" ብለው ፈረዱ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። እማማ ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው መጡ። ጣታቸው በሬውን አልፎ፣ ማሳውን አቋርጦ፣ በራፉ ጋ ደረሰና ቆመ። እዚያ ጋ ያ እንስራ አለ፤ ዓይን ያለን ሁሉ እንስራ የምንለው።

"ምንድነው ይሄ?"

"እንስራው ነዋ እማማ፣ ጆሮው ይኸው።"

ጆሮውን ደግመው ዳበሱት። "አንቺ ዕውር! እንስራ ወገቡን ይዞ ይቆማል? እኔ ነኝ! አባትሽ ሲያመሽብኝ እንዲህ ነበር የምጠብቀው" ብለው እዚያው ድንኳኑ መሐል ወገባቸውን ይዘው ቆሙልን።

ሁላችንም ዞረን ሥዕልህን አየን። እውነታቸውን ነው፣ አባዬ! ክርኑ ሳይቀር እሳቸው ናቸው። ለማንም ሳትናገር እናትህን በራፍ ላይ አቁመህ ሄድክ፤ እኛም ይህን ሁሉ ጊዜ ስናፈጥ ኖርን። በሙት ዓመትህ እልልታ ቀለጠ። እማማ እያለቀሱም እየሳቁም "አየሁት ልጄ፣ አየሁት" ይሉሃል።

አሁን የሚዳበሰው ሥዕል የተሰቀለው ዕድር ቤት ነው፤ የሰፈሩ ዓይነ ስውራን እየመጡ ይዳብሱታል። አስጎብኚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ወርቁ! "በሬው ይኸውላችሁ" ይላሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

የቀሩትን ሥዕሎችህንም አንድ በአንድ ጣት እንዲያያቸው አደርጋለሁ፤ ቃሌ ነው። ሲመሽ ደግሞ በራፍ ላይ ከእማማ ጎን ወገቤን ይዤ እቆማለሁ። ከሩቅ ያየን ሰው ሁለት እንስራ ይበለን፤ አንተ ታውቀናለህ። እኛም አንረሳህም።

ምላሰኛዋ ልጅህ