የሞተው አስጎብኚ

ሁዋይ ሎም መንደር፣ ጥቅምት 24 ቀን
(ዓመቱን መምህሯ ከሰሌዳው ላይ ስላጠፋችው ትቼዋለሁ)

ለልጄ ለላማይ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ቁልቁለት ላይ ያጉረመርማል፤ እሷም አብራው ታጉረመርማለች። ልጅሽ ዳኦ አድጋለች፤ ቁመቷ የሩዝ ጠጁን ማሰሮ አልፏል።

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ። አብረውህ የተማሩት ዓይናቸው የደከመ አሮጊቶች ናቸው ብለሽ እንዳታጣጥዪብኝ፤ አንደኛ አንደኛ ነው። መምህሯ ጽሕፈቴን አይታ ዶሮ የሄደችበት ይመስላል ብላኛለች። ትሂድበት፤ ዶሮዋ የምትደርስበትን ታውቃለች። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን አንብቡልኝ ብዬ ጎረቤት አለምንም፤ ስለዚህ እስከዛሬ ያልጻፍሽልኝን፣ ደስ የማይለውንም ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ቪላይን ያዝኩልሽ።

ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኔም የጻፍኩት ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ ነው።

ያ አስጎብኚ ሆድሽ ሲገፋ አላውቃትም ብሎ ማለ፤ ምስክር የለም ተብሎ ሽማግሌው ተበተነ፤ አንቺም ልጅሽን ጡት አስጥለሽ ቪየንትያን ልብስ ፋብሪካ ወረድሽ። እሱ ግን ፈረንጆቹን እየመራ መምጣቱን አላቆመም። እንግዳ የማሳደሩ ተራ የእኛ ቤት ሲሆን እኛ ቤት ያሳድራቸዋል። ከካልሲያቸው አልቅት እየለቀሙ ይደርሳሉ፣ እናትሽ ሩዝና የቀርከሃ ቡቃያ ታቀርባለች፣ እሱ ምድጃችን ዳር ተቀምጦ በፈረንጅ አፍ ይቀባጥራል፣ እኛ ፈገግ እንላለን። ዳኦ በፊቱ ስታልፍ የሚያያት እንደ በርጩማ ነው። ዝም ያልኩት ፈርቼ እንዳይመስልሽ። እንግዳን ቤቴ ውስጥ አልሰድብም፤ አባትሽ ቀልደኛ እንጂ ባለጌ አይደለም።

ዝናቡ ሲገባ ግን ላኦኛ የምትሞካክር አንዲት ፀጉረ ነጭ ፈረንጅ መጣች። ለዳኦ ከረሜላ ሰጥታ ወደ እኔ ዞረችና፣ የልጅቷ አባት በመሞቱ በጣም አዝናለሁ አለችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። በአገጯ ወደ ቪላይ ጠቆመችኝ። ለካስ በመጣ ቁጥር ሲነግራቸው የኖረው ይህንን ነው፤ አባቷ ዛፍ ሲቆርጥ ዛፉ ተጭኖት ሞተ እያለ። እነሱ ከንፈር ይመጥጣሉ፣ እኛ ፈገግ እንላለን። ላማይ፣ በዚያ ምድጃ ዳር ስንት ጊዜ ጥርሴን እንዳሳየሁ አስቢው።

ያን ዕለት ጠጅ አቀረብኩለትና፣ ዛፍ ስትቆርጥ ተጠንቀቅ ልጄ አልኩት። አልገባውም።

በዚህ ወር ሊያገባ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ሙሽራዋ ናምታ ከተማ ያለው ባለ ፎቅ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆኑት የአቶ ቱንግ ልጅ ናት። ከሠርጉ በፊት አንድ ቡድን ብቻ ይዞ ወጣ፤ ተራው ደግሞ የእኛ ቤት ሆነ። አበላሁት፣ አጠጣሁት፣ ሠርግህን መረቅሁልህ አልኩት።

ጠዋት ፈረንጆቹ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ድኩላ መንደሩን መሃል ለመሃል ሰንጥቃ ስትሮጥ አየሁ። ድኩላ መንደር ካቋረጠች ክፉ ምልክት ነው፤ ምን እንደሚደረግ አንቺ ታውቂያለሽ። ወደ ሽማግሌው ፋይ ሄጄ ነገርኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ድኩላ ነች?" አለኝ።

"ድኩላ ነች።"

"የጎረቤትህ የካምፓ ፍየልም እኮ ቀይ ናት።"

"እንግዲያው ፍየሏን ጠይቃት" አልኩት።

ፋይ አንቺን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ ሰው ነው። ሂድ ኮከቡን ስቀል አለኝ።

የቀርከሃ ኮከብ መሥራት የቤታችን ሥራ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼዋለሁ፣ እንደዚህ ያማረ ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በላይኛውም በታችኛውም የመንደሩ በር ሰቀልኩት። መንደሩ ተዘጋ። ኮከቡ እስኪወርድ ከውጭ ያለ አይገባም፣ ከውስጥ ያለ አይወጣም። ጥሶ የወጣ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መንደር ውስጥ የሚታመመው ሁሉ በእሱ ይላከካል፤ በተራራው ላይም ደጁን የሚከፍትለት አያገኝም። አስጎብኚ ደግሞ መንደር ከተዘጋበት ምኑን ያስጎበኛል?

ቪላይ ቦርሳውን አዝሎ በሩ ድረስ ሄዶ ኮከቡን ሲያይ ፊቱ የተቀቀለ ቡቃያ መሰለ። አባባ ካምሲንግ፣ ሠርጌ እኮ ነው አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ስልክ የሚሠራው ከበሩ ውጭ ያለው ዛፍ ሥር ስለሆነ መደወልም አልቻለም። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አጥር ለአጥር ሲዞር ዶሮዎቹ ሁሉ ተከተሉት፣ እህል የሚበትን መስሏቸው።

ፈረንጆቹማ ደስ አላቸው። አንዱ ብቻ አውሮፕላኔ ብሎ አለቀሰ፤ እሱም ቅርጫት መሥራት ስናስተምረው ተወው። ቪላይን እናትሽ ተረከበችው። ውሃ አስቀዳችው፣ አሳማ አስቀለበችው። እንስራውን ይዞ ባለፈ ቁጥር ሴቶቹ፣ ሙሽራው መጣ ተነሱለት እየተባባሉ ይስቁበት ነበር።

የሠርጉ ቀን መጥቶ አለፈ። በማግስቱ አቶ ቱንግ ራሳቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ሽቅብ ወጥተው መጡ፣ ላባቸው ሸሚዛቸውን አጣብቆት። ከተሜ ቢሆኑም እናታቸው የእኛ ወገን ናቸውና ደንቡን ያውቃሉ፤ ከኮከቡ ወዲያ ማዶ ቆሙ። መንደሩ በሙሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ቪላይ እዚህ አለ ወይ አሉኝ።

መልሱን ዝናቡ ከገባ ጀምሮ በአፌ ይዤው ነበር።

"ቪላይ ሞቷል" አልኳቸው።

ቪላይ በሰው መሃል እየተጋፋ መጥቶ፣ አለሁ አለሁ አለ። አትስሙት፣ ዛፍ ተጭኖት ሞቷል፤ ለፈረንጆቹ የተናገረው ራሱ ነው አልኩ። ከዚያ ዳኦን ከእናትሽ ጀርባ አውርጄ ፊቱ አቆምኳት።

"የዚህች ልጅ አባት ሞቷል ብለሃል" አልኩት። "ካልሞትክ ተናገር። ከሞትክ ግን ዝም በል፤ እኛም እንቀብርሃለን፣ እሳቸውም ወደ ቤታቸው ይሂዱ።"

ቪላይ ወደ አቶ ቱንግ አየ፣ ወደ ኮከቡ አየ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዳኦ አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ጆሮዋ የእሱ ነው፣ ግራው ወጣ ያለ። ማዶ የቆሙት ሰውዬም አንዴ እሱን አንዴ እሷን ሲያዩ ነበር።

"አልሞትኩም" አለ። "አባቷ እኔ ነኝ።"

አቶ ቱንግ ዞረው ቁልቁል ወረዱ።

ሞተ የተባለን ሰው ነፍሱን መጥራት ግድ ነው አለ ፋይ። ዶሮ ታረደ፣ ነፍስ እንዳትርቅ የሚታሰረው ነጭ ክር ቀረበ፣ ቪላይም አባት ለልጁ እንደሚያስረው አድርጎ በዳኦ የእጅ አንጓ ላይ አሰረላት። ቋጠሮው የማይረባ ሆነ፤ እኔ ደግሜ አጠበቅሁት።

አሁን ኮከቡን ታወርዳለህ አይደል አለኝ ቪላይ። ቀኑ አልሞላም አልኩት። እስኪሞላ አሳማ ቀለበ።

እርግጥ በሩ ስለተዘጋ የደረሰው ሩዛችን ሳይታጨድ ቆሞ ወፍ ተጫወተበት። ካምፓ እስካሁን አያናግረኝም። እናትሽም በቀልህን በሰው ሩዝ ቀለብከው ትለኛለች። ወፎቹ ይብሉ፤ የቀረ ሠርግም ድግስ አለው።

ቪላይ ሲሄድ አድራሻሽን ለመነኝ። መጻፍ እችል የለ፣ ጻፍኩለት። የፋብሪካውን ስም ግን ትንሽ ተሳሳትኩ፤ ምን ይደረግ፣ ጀማሪ ነኝ። ይሄኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ላማይን ጥሩልኝ እያለ ይሆናል። ትክክለኛውን ስጠው ካልሽኝ እሰጠዋለሁ። አትስጠው ካልሽኝ ከዚህም የባሰ መሳሳት እችላለሁ። ቃሉ ያንቺ ነው።

ቀልድ ያለቀብኝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኮከቡን ያወረድኩ ዕለት ዳኦ ክሯን እያሻሸች ከመሰላሉ ሥር ቆማ ታየኝ ነበር።

"አባዬ አልሞተም አይደል?" አለችኝ።

አልሞተም አልኳት። ክሯን ለቀቀችና፣

"እናቴስ?" አለችኝ።

ይህ በሰው አፍ አይሆንም፣ ራሷ መጥታ ትነግርሻለች አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታችኛው በር ላይ ትቀመጣለች። አውቶቡሱ ወንዙ ድረስ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ።

መርፌው ጣትሽን ይማርልሽ። የቤታችን መንፈሶች መንገድሽን ይጥረጉልሽ፣ ነፍስሽ ከሥጋሽ አትራቅ፣ ክርሽ አይበጠስ።

አባትሽ ካምሲንግ፣
የማታ ትምህርቱ አንደኛ